ሰር ኦሊቨር ሞዋት፦ የክፍለ ሀገርን ሥልጣን በፍርድ ቤት ያስከበሩ መሪ

አንድ ክፍለ ሀገር በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ የሚኖረው ሕገ መንግሥታዊ ደረጃ በሕግ አንቀጾች ብቻ ተወስኖ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። አንቀጾቹ ከጸደቁ በኋላ ሕጉን በሥራ ላይ የሚያውሉት ባለሥልጣናት፣ የሚከራከሩበት ጠበቆችና የሚተረጉሙት ዳኞች ለዚያ ደረጃ ተጨባጭ ቅርጽ ይሰጡታል። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ከሚሆኑት አገሮች አንዷ ካናዳ ስትሆን፣ በዚያች አገር የክፍላተ ሀገር ሥልጣን ሲነሣ በቅድሚያ ከሚታወሱት ሰዎች መካከል የኦንታሪዮን ክፍለ ሀገር ከ1872 እስከ 1896 የመሩት ሰር ኦሊቨር ሞዋት ይገኙበታል።

ክፍለ ሀገር የሚለው ቃል በአሃዳዊ ሥርዓት ውስጥ የማዕከላዊውን መንግሥት ትእዛዝ የሚፈጽም አስተዳደራዊ ክፍልን ያመለክታል። ገዥው ከማዕከል ይሾማል፤ ሥልጣኑም ከማዕከል በውክልና የሚመጣ፣ ማዕከሉ ሲፈልግ የሚሰፋ፣ ሲፈልግም የሚጠብ ነው። በካናዳ በ1867 የተቋቋሙት ክፍላተ ሀገር እንደዚህ ያሉ ክፍሎች ናቸው ወይስ በተመደበላቸው መስክ ውስጥ ሙሉ መንግሥት ናቸው የሚለው ጥያቄ አገሪቱን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አከራክሯል። ሞዋት አብዛኛውን የአመራር ዘመናቸውን ያዋሉት ሁለተኛው መልስ ትክክል መሆኑን በሕግ ለማስረገጥ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትውልድና የሕግ ሙያ

ኦሊቨር ሞዋት ጁላይ 22 ቀን 1820 በዛሬዋ ኦንታሪዮ ውስጥ በምትገኘው የኪንግስተን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሰሜናዊ ስኮትላንድ የመጡ ሲሆኑ፣ አባታቸው ጆን ሞዋት በብሪታኒያ ጦር ውስጥ ካገለገሉ በኋላ በካናዳ በንግድ ሥራ ተሰማርተው የነበሩ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ የፕሬስቢቴሪያን እምነት ተከታይና ለትምህርት ከፍ ያለ ግምት የሚሰጥ ነበር።

በዚያ ዘመን ጠበቃ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት በአንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት መዛግብት እየገለበጠና ክስ እያዘጋጀ ሙያውን ከሥር ከሥሩ መማር ይጠበቅበት ነበር። ወጣቱ ሞዋት ለዚህ ሥልጠና የገቡት በዚያው በኪንግስተን ቢሮ ከፍተው ይሠሩ በነበሩት በጆን አሌክሳንደር ማክዶናልድ ዘንድ ነበር። ማክዶናልድ ከሞዋት በ5 ዓመት ብቻ የሚበልጡ ሲሆኑ፣ በኋላ የካናዳ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። የሁለቱ ሰዎች ግንኙነት በመምህርና በተማሪነት ተጀምሮ በካናዳ ታሪክ ረዥም ጊዜ ከወሰዱት የፖለቲካና የሕግ ሙግቶች ወደ አንዱ የተሸጋገረ ነው።

ሞዋት በ1841 የጥብቅና ፈቃድ ካገኙ በኋላ በቶሮንቶ በርትዕ ሕግ ላይ ያተኮረ ሙያቸውን በማስፋፋት ከታወቁ ጠበቆች ተርታ ተሰለፉ። በ1846 ጄን ኢዋርትን አገቡ። በ1857 የቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት አባል የሆኑ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በተካሄደው ምርጫ ደግሞ የተሐድሶ ፓርቲን ወክለው በጊዜው የካናዳ ፕሮቪንስ ይባል ለነበረው ቅኝ ግዛት ምክር ቤት ተመረጡ።

በምክር ቤቱ ሞዋት የተቀመጡት ከቀድሞ መምህራቸው ተቃራኒ ወገን ነበር። በ1861 በተደረገ አንድ የጦፈ ክርክር ማክዶናልድ በሞዋት ንግግር እጅግ ከመቆጣታቸው የተነሣ በጥፊ ሊመቷቸው እንደተንደረደሩና በባልደረቦቻቸው እንደተያዙ የሁለቱን ሰዎች ታሪክ የጻፉ ሁሉ ያነሡታል። ከዚያ በኋላ ግን የሁለቱ ጠብ የተካሄደው በሕግ አንቀጾች ነው።

የ1864ቱ የኩቤክ ጉባኤ

የካናዳ ፕሮቪንስ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን በአንድ ምክር ቤት ያጣመረ በመሆኑ በ1860ዎቹ መጀመሪያ መንግሥታት እየተቋቋሙ በአጭር ጊዜ የሚወድቁበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚህ ችግር ለመውጣት በ1864 ተቃዋሚዎቹ ወገኖች የጥምር መንግሥት አቋቋሙ። ሞዋትም በዚህ መንግሥት ውስጥ የፖስታ አገልግሎት ሚኒስትር ሆኑ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የብሪታኒያ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ልዑካን በኩቤክ ከተማ ተሰብስበው 72 የውሳኔ ሐሳቦችን አጸደቁ። ሞዋት የጉባኤው አባል የነበሩ ሲሆን፣ የክፍላተ ሀገር ምክር ቤቶች የሚኖራቸውን ሥልጣን የሚመለከቱትን የውሳኔ ሐሳቦች ለጉባኤው ያቀረቡት እርሳቸው ነበሩ። ጉባኤው በተጠናቀቀ በሳምንታት ውስጥ በዳኝነት ስለተሾሙ ከፖለቲካው መድረክ ወጡ። ለ8 ዓመታት ያህልም በርትዕ ፍርድ ቤት በዳኝነት አገለገሉ።

ወደ ማዕከል ያደላው ሕግ

የኩቤክ የውሳኔ ሐሳቦች መሠረት የሆኑለት የ1867ቱ የብሪታኒያ ሰሜን አሜሪካ ሕግ ጁላይ 1 ቀን 1867 በሥራ ላይ ሲውል ኦንታሪዮ፣ ኩቤክ፣ ኖቫ ስኮሺያና ኒው ብራንዝዊክ የተባሉትን አራት ክፍላተ ሀገር በአንድ ፌዴራል መንግሥት ሥር አሰባሰበ። ከሕጉ ዋና ቀማሪዎች አንዱ የነበሩት ማክዶናልድ በጎረቤት አገር በዩናይትድ ስቴትስ ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት መንሥኤ ለግዛቶች የተሰጠው ሥልጣን መብዛት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በመሆኑም ማዕከላዊው መንግሥት የጠነከረ እንዲሆን ብርቱ ጥረት አድርገዋል።

የሕጉ አንቀጾች ይህን ሐሳብ ያንጸባርቃሉ። አንቀጽ 91 ለፌዴራሉ ፓርላማ 29 የሥልጣን ዘርፎችን ዘርዝሮ፣ ለክፍላተ ሀገር ተለይቶ ያልተሰጠ ማናቸውም ቀሪ ሥልጣንም የማዕከሉ እንዲሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ለክፍላተ ሀገር 16 ዘርፎችን ይሰጣል፤ ከእነዚህም ውስጥ ንብረትንና የፍትሐ ብሔር መብቶችን የሚመለከተው ዘርፍ ዋነኛው ነው። የየክፍለ ሀገሩ ምክትል ገዥ የሚሾመው በፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞችም እንዲሁ ከማዕከል ይሾማሉ። ከሁሉም በላይ የፌዴራሉ መንግሥት የክፍለ ሀገር ምክር ቤት ያወጣውን ማናቸውንም ሕግ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሊሽረው ይችል ነበር።

በቀሪ ሥልጣን ረገድ የካናዳው ሕግ የመረጠው መንገድ በሌሎች ፌዴሬሽኖች ካለው ይለያል። ለምሳሌ በ1995 በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ለፌዴራሉ መንግሥት በተለይ ወይም ለፌዴራሉ መንግሥትና ለክልሎች በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ደንግጓል። የካናዳ ክፍላተ ሀገር ግን እንዲህ ያለ ዋስትና አልነበራቸውም። ማክዶናልድም ክፍላተ ሀገር ከከተማ ማዘጋጃ ቤት ጥቂት ከፍ ያሉ አስተዳደሮች ተደርገው እንዲቆጠሩ ይፈልጉ ነበር።

ከዳኝነት ወንበር ወደ መሪነት

በ1872 አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በፌዴራሉና በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት እንዳይቀመጥ የሚከለክል ሕግ በመውጣቱ የኦንታሪዮ ፕሪሚየር የነበሩት ኤድዋርድ ብሌክ የፌዴራሉን ፓርላማ መርጠው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የፓርቲው መሪዎች በምትካቸው እንዲሆኑ የጠየቁት ዳኛውን ሞዋትን ነበር። ሞዋት የዳኝነት ወንበራቸውን ትተው ኦክቶበር 25 ቀን 1872 የክፍለ ሀገሩ ፕሪሚየርና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ሁለቱንም ኃላፊነቶች ደርበው ለ24 ዓመታት ያህል የያዙ ሲሆን፣ ፓርቲያቸውን መርተው 6 ጠቅላላ ምርጫዎችን በተከታታይ አሸንፈዋል።

ሞዋት አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ መነጽር የሚያደርጉና በአነጋገራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። በአደባባይ ንግግር ከዘመኑ ታላላቅ ተናጋሪዎች ጋር የሚወዳደሩ አልነበሩም። ጥንካሬያቸው ረቂቅ ሕግን በጥንቃቄ በማዘጋጀት፣ የሚከራከሩበትን ጉዳይ በመምረጥና ውጤቱን በትዕግሥት በመጠበቅ ላይ ነበር። በዘመናቸው የምርጫ ድምፅ በምሥጢር እንዲሰጥ ተደርጓል፤ የፍርድ ቤቶች አደረጃጀት በ1881 በወጣ ሕግ ተሻሽሏል፤ የመምረጥ መብትም ደረጃ በደረጃ ሰፍቷል። ስማቸው ይበልጥ የሚታወሰው ግን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ባደረጓቸው ሙግቶች ነው።

በዚያን ጊዜ ለካናዳ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ አካል በለንደን የሚገኘው የዘውድ አማካሪ ምክር ቤት የዳኝነት ኮሚቴ ነበር። ሞዋት የፌዴራሉ መንግሥት በሚሾማቸው ዳኞች ፊት ሲሸነፉ ጉዳዩን ወደዚህ አካል በይግባኝ መውሰድ ልማዳቸው ሆነ። ከሁሉም የሚገርመው የክርክሮቹ መነሻ በአብዛኛው ተራ የሚመስሉ ጉዳዮች መሆናቸው ነው።

ወራሽ ያጣው ርስት

አንድሩ ሜርሰር የተባሉ የቶሮንቶ ባለሀብት በ1871 ኑዛዜ ሳይተዉና ሕጋዊ ወራሽ ሳይኖራቸው አረፉ። በእንግሊዝ ሕግ መሠረት ወራሽ የሌለው መሬት ለዘውዱ ይመለሳል። ነገር ግን ዘውዱ በካናዳ ሁለት መንግሥታት አሉት፤ አንዱ በኦታዋ ያለው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን ሌላው የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ንግሥቲቱን የሚወክለው ጠቅላይ ገዥው ብቻ በመሆኑ ርስቱ የእኔ ነው ሲል ተከራከረ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህንኑ ተቀበለ።

ሞዋት ውሳኔውን ወደ ለንደን ወስደው በ1883 አሸነፉ። የዳኝነት ኮሚቴው መሬቱ የኦንታሪዮ መሆኑን ወሰነ። የገንዘቡ መጠን ለክፍለ ሀገሩ በጀት ወሳኝ አልነበረም። ዋናው ቁም ነገር ዘውዱ በክፍለ ሀገር ውስጥ ያለው መብት የሚሠራው በክፍለ ሀገሩ መንግሥት በኩል መሆኑ ነበር። ይህ ከታወቀ ክፍለ ሀገር የማዘጋጃ ቤት ታላቅ ወንድም ነው የሚለው ክርክር ሊጸና አይችልም።

የቢሊያርድ ጠረጴዛው ክስ

ኦንታሪዮ በ1870ዎቹ ባወጣችው ሕግ መሠረት የመጠጥ ቤት ፈቃድ የሚሰጡና ደንብ የሚያወጡ ኮሚሽነሮች በየአካባቢው ተሾመው ነበር። አርኪባልድ ሆጅ የተባሉ የቶሮንቶ የመጠጥ ቤት ባለቤት መጠጥ መሸጥ በተከለከለበት ሰዓት በቤታቸው ቢሊያርድ በማጫወታቸው በኮሚሽነሮቹ ደንብ ተከሰው 20 ዶላር ተቀጡ።

የተከሳሹ ጠበቆች ያቀረቡት መከራከሪያ የክፍለ ሀገርን ሕገ መንግሥታዊ ደረጃ በቀጥታ የሚነካ ነበር። እንደ እነርሱ አባባል የኦንታሪዮ ምክር ቤት ራሱ የብሪታኒያ ፓርላማ ወኪል በመሆኑና ወኪል ደግሞ የተሰጠውን ውክልና ለሌላ አሳልፎ መስጠት ስለማይችል፣ ምክር ቤቱ ደንብ የማውጣት ሥልጣንን ለኮሚሽነሮች መስጠቱ ሕገ ወጥ ነው። የዳኝነት ኮሚቴው በዲሴምበር 1883 በሰጠው ውሳኔ ይህን ሐሳብ አልተቀበለውም። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የማንም ወኪል እንዳልሆነ፣ አንቀጽ 92 ባስቀመጠለት ወሰን ውስጥ ያለው ሥልጣን የብሪታኒያ ፓርላማ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ያህል ሙሉና ሰፊ እንደሆነ፣ በዚያ ወሰን ውስጥም የበላይ እንደሆነ አረጋገጠ።

በዚያው ዓመት ማክዶናልድ የመጠጥ ቤት ፈቃድን ወደ ፌዴራሉ መንግሥት የሚያዛውር ሕግ አውጥተው ስለነበር ለተወሰነ ጊዜ ሁለት ዓይነት የፈቃድ ኮሚሽነሮች በአንድ አካባቢ ይሠሩ ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ከሥልጣን ወሰን ውጭ የወጣ መሆኑ በ1885 በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። እዚህ ላይ ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። የፈቃድ አሰጣጡ ለሞዋት ፓርቲ የደጋፊ ማፍሪያ መሣሪያ ሆኖ ማገልገሉ ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ኮሚሽነሮቹና ተቆጣጣሪዎቹ በፓርቲ ወገንተኝነት ይመረጣሉ ሲሉ አዘውትረው ይወቅሷቸው የነበረ ሲሆን፣ ወቀሳው መሠረት የሌለው አልነበረም። የክፍለ ሀገርን ሥልጣን ማስከበርና ያንን ሥልጣን በአግባቡ መጠቀም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ይህ ያሳያል።

አራት ጊዜ የወጣው ሕግ

በምሥራቅ ኦንታሪዮ በኦታዋ ሸለቆ ፒተር ማክላረን የተባሉ የግንድ ነጋዴ በአንድ ወንዝ ላይ ግድቦችንና የግንድ መንሸራተቻዎችን በራሳቸው ገንዘብ ሠርተው ነበር። ከወንዙ ላይኛው ክፍል ግንድ የሚያወርዱት ተፎካካሪያቸው ኮልድዌል በዚያው መስመር እንዳይጠቀሙ ማክላረን ከለከሏቸው። የኦንታሪዮ ምክር ቤት በ1881 ማንኛውም ሰው ተገቢውን ክፍያ እየፈጸመ በእንደዚህ ዓይነት ወንዞች ግንድ ማውረድ እንዲችል ሕግ አወጣ።

የማክዶናልድ መንግሥት ሕጉ የአንዱን ሰው ንብረት ለሌላው ይሰጣል በማለት ሻረው። ሞዋት ንብረትንና የፍትሐ ብሔር መብትን የሚመለከት ሕግ ማውጣት በአንቀጽ 92 ለክፍለ ሀገር የተሰጠ ሥልጣን ነው፤ ሕጉ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚፈርደው የኦንታሪዮ መራጭ ነው ሲሉ ሞገቱ። በ1882 ሕጉ እንደገና ወጣ፤ እንደገናም ተሻረ። በ1883 ለሦስተኛ ጊዜ ወጥቶ ለሦስተኛ ጊዜ ተሻረ። በ1884 የዳኝነት ኮሚቴው በሁለቱ ነጋዴዎች ክርክር ለኮልድዌል ሲፈርድ፣ ኦንታሪዮ ሕጉን ለአራተኛ ጊዜ አወጣች፤ በዚህ ጊዜ ኦታዋ እጇን ሰበሰበች።

የሽረት ሥልጣኑ በሕጉ ላይ በግልጽ የተጻፈ በመሆኑ ሞዋት በፍርድ ቤት ሊያስቀሩት አይችሉም ነበር። በመሆኑም ሥልጣኑን በተጠቀመ ቁጥር ማዕከላዊው መንግሥት የፖለቲካ ዋጋ እንዲከፍል አደረጉ።

የድንበርና የደን ሙግት

የኦንታሪዮ የምዕራብና የሰሜን ድንበር በ1867 በትክክል አልተለየም ነበር። በ1878 ሦስት ገላጋይ ዳኞች ሰፊውን አካባቢ ለኦንታሪዮ ወሰኑ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ወደ ሥልጣን የተመለሱት ማክዶናልድ ውሳኔውን ለማጽደቅ ፈቃደኛ አልሆኑም። ይልቁንም በ1881 የማኒቶባን ክፍለ ሀገር ወሰን ወደ ምሥራቅ በማስፋት አከራካሪውን መሬት በእርሷ በኩል እንድትጠይቀው አደረጉ። ዛሬ ኬኖራ በምትባለውና በዚያን ጊዜ ራት ፖርቴጅ ትባል በነበረችው አነስተኛ ከተማ የሁለቱ ክፍላተ ሀገር ፖሊሶች አንዱ ሌላውን እስከማሰር ደረሱ።

ሞዋት በ1884 ራሳቸው ወደ ለንደን ሄደው በዳኝነት ኮሚቴው ፊት ተከራከሩ፤ አሸንፈውም ሲመለሱ በቶሮንቶ ታላቅ የአደባባይ አቀባበል ተደረገላቸው። ድንበሩ በብሪታኒያ ፓርላማ ሕግ የጸናው በ1889 ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ግን በዚህ አላበቃም። መሬቱ በኦንታሪዮ ክልል ቢሆንም የፌዴራሉ መንግሥት በ1873 ከኦጂብዌ ሕዝብ ጋር በፈረመው ውል ያገኘው በመሆኑ ደኑ የእርሱ ነው በማለት ለአንድ የእንጨት ኩባንያ የመቁረጥ ፈቃድ ሰጠ። ኦንታሪዮ ኩባንያውን ከሰሰች፤ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች አሸንፋ በዲሴምበር 1888 በለንደንም ተፈረደላት። በዚህ ውሳኔ በክፍለ ሀገር ውስጥ የሚገኝ የዘውድ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ጥቅም የክፍለ ሀገሩ መሆኑ ጸና። የደን ገቢ ለኦንታሪዮ ግምጃ ቤት ካስገኘው ጥቅም አኳያ ከሞዋት ድሎች ሁሉ በገንዘብ ረገድ ትልቁ ይህ እንደነበር ይታመናል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ግን በመሬቱ ላይ ለዘመናት የኖረው የኦጂብዌ ሕዝብ ተከራካሪ ወገን አልነበረም፤ ቃሉም አልተሰማም። ሁለቱ መንግሥታት ስለ እርስት ሲሟገቱ የነባሩ ሕዝብ መብት በዘውዱ በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ የመጠቀም መብት ብቻ ተደርጎ ተወሰነ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በሰጠው ውሳኔና በ1982 በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የነባር ሕዝቦች መብት የተሻለ ዕውቅና እስኪያገኝ ድረስ የዚያ ውሳኔ ጥላ ለረዥም ዘመን ቆይቷል። ሞዋት ለክፍለ ሀገር ያስከበሩት መብት በከፊል በሌሎች መብት ላይ የቆመ መሆኑን የዘመናችን የታሪክ ጸሐፍት አበክረው ያመለክታሉ።

የክፍላተ ሀገር ጉባኤ

በኦክቶበር 1887 የኩቤክ ፕሪሚየር ኦኖሬ መርሲዬ ባደረጉት ጥሪ የኦንታሪዮ፣ የኩቤክ፣ የኖቫ ስኮሺያ፣ የኒው ብራንዝዊክና የማኒቶባ መሪዎች በኩቤክ ከተማ ተሰበሰቡ። ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት የመሩት ሞዋት ነበሩ። ብሪትሽ ኮሎምቢያና ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት አልተገኙም፤ ማክዶናልድም ጥሪውን አልተቀበሉም።

ጉባኤው የፌዴራሉ መንግሥት የክፍላተ ሀገርን ሕግ የመሻር ሥልጣን እንዲያበቃ፣ ክፍላተ ሀገር በፌዴራሉ ሴኔት አሿሿም ላይ ድርሻ እንዲኖራቸውና የገንዘብ ድጎማው እንዲጨምር ጠየቀ። የውሳኔ ሐሳቦቹ በጊዜው ተፈጻሚ አልሆኑም። ሆኖም ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኩቤክና በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነችው ኦንታሪዮ በክፍለ ሀገር መብት ጉዳይ በአንድ ገበታ ዙሪያ መቀመጣቸው ጥያቄው የአንድ ብሔረሰብ ወይም የአንድ ሃይማኖት ጥያቄ እንዳልሆነ አሳይቷል። የድጎማው መጠን በ1907 ተሻሽሏል።

ማክዶናልድ በሥልጣን ላይ እንዳሉ በጁን 1891 አረፉ። በ1892 የዳኝነት ኮሚቴው ከኒው ብራንዝዊክ በቀረበ የአንድ ባንክ ኪሳራ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ምክትል ገዥው ለክፍለ ሀገር ጉዳይ ንግሥቲቱን የሚወክለው ጠቅላይ ገዥው ለፌዴራሉ ጉዳይ በሚወክላት ልክ መሆኑን አረጋገጠ። የሞዋት የሃያ ዓመታት ክርክር በዚህ ውሳኔ የአገሪቱ ሁሉ ሕግ ሆነ። በዚያው ዓመትም የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

ለክፍለ ሀገር መሟገታቸው ከአገራዊ አንድነት ጋር የሚጋጭ መስሎ አይታያቸውም ነበር። በዚያ ዘመን ካናዳ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ እንድትቀላቀል የሚፈልግ እንቅስቃሴ ሲነሣ ሞዋት በጽኑ ተቃወሙት፤ ይህንኑ ሐሳብ በአደባባይ ያራምድ የነበረን አንድ የአውራጃ ዐቃቤ ሕግም በ1892 ከሥራ አሰናብተዋል። ማዕከሉን ሲሞግቱ የነበረው ፌዴሬሽኑ በራሱ ሕግ እንዲመራ እንጂ እንዲፈርስ አልነበረም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የሊበራል ፓርቲ መሪ ዊልፍሪድ ሎሪዬ በ1896 የፌዴራሉን ምርጫ ሲያሸንፉ፣ የ75 ዓመቱ ሞዋት የኦንታሪዮን አመራር ለቀው የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስትርና የሴኔት አባል ሆኑ። የፍትሕ ሚኒስትሩ የክፍላተ ሀገርን ሕጎች መርምሮ ይሻሩ ወይም ይጽኑ ብሎ አስተያየት የሚያቀርብ ባለሥልጣን ነው። ለ20 ዓመታት ያህል ሲታገሉት የነበረው ወንበር በመጨረሻ የእርሳቸው ሆነ ማለት ነው።

በኖቬምበር 1897 ደግሞ የኦንታሪዮ ምክትል ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሕጉ በፌዴራሉ መንግሥት የሚሾም ባለሥልጣን ቢያደርገውም የንግሥቲቱ ሙሉ ወኪል መሆኑን በተከራከሩለት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሪ ዘመናቸውን አሳለፉ። ኤፕሪል 19 ቀን 1903 በ82 ዓመታቸው በቶሮንቶ አረፉ። በኦንታሪዮ ምክር ቤት ግቢ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

የተዉት ቅርስ

የሞዋትን ሥራ የሚተቹ አልጠፉም። በ1930ዎቹ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ካናዳን ሲመታ የፌዴራሉ መንግሥት ያወጣቸው አብዛኞቹ የማኅበራዊ ዋስትናና የሥራ ሁኔታ ሕጎች በ1937 በለንደን ከሥልጣን ወሰን ውጭ ተብለው ወድቀዋል። ለሥራ አጦች መድን ሥልጣን ለማግኘት በ1940 ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል አስፈልጓል። ክፍላተ ሀገር ከሚገባው በላይ ጠንክረዋል፤ ማዕከሉም በችግር ጊዜ እጁ ታስሯል የሚለው ወቀሳ ከዚህ የመነጨ ነው። ወደ ለንደን ይግባኝ የማለት ሥርዓትም በ1949 ሙሉ በሙሉ ቀርቷል።

በሌላ በኩል የፌዴራሉ መንግሥት የመሻር ሥልጣን 112 ጊዜ ከተሠራበት በኋላ ከ1943 ወዲህ አንድም ጊዜ በሥራ ላይ አልዋለም። አንቀጹ እስከ ዛሬ ከሕገ መንግሥቱ አልተፋቀም፤ ነገር ግን የሚነካው የለም። የሕግ ጽሑፍና የሕግ አሠራር እንዴት ሊለያዩ እንደሚችሉ ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሞዋት አዲስ ሕገ መንግሥት አልጻፉም፤ ያለውንም አንድ አንቀጽ አላስለወጡም። ያደረጉት ነገር ወራሽ ያጣ ርስትን፣ የቢሊያርድ ጠረጴዛንና የግንድ ማውረጃ ወንዝን የመሰሉ የዕለት ተዕለት ጉዳዮች ከመንግሥት ጠረጴዛ ሲደርሱ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን የሥልጣን ጥያቄ ለይቶ ማወቅና በሕግ ወሰን ውስጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው መከራከር ነበር። በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ ባለሥልጣን ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የሥልጣን ወሰን የሚጸናው በየዕለቱ በሚወጡ ደንቦች፣ በሚሰጡ ፈቃዶችና በሚጻፉ ደብዳቤዎች ውስጥ ሲከበር ነው፤ እዚያ ችላ ከተባለ በሕገ መንግሥቱ ላይ መጻፉ ብቻውን አያድነውም።